ልጅ የሚታረመው በዱላ ነው ወይስ በምክር?

ወገኖች! የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ ልጆቻችን ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ዐረፍተ ነገር ካለ ድገሙት። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም ጠርታችሁ አንብቡለት። ከዚያ ተወያዩበት።

1. ገብሱና ጥጃዋ

እንበል አንድ ገበሬ በእንጅባራ አካባቢ ይኖራል። የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አለው። ልጁ ስድስት ከብት ይጠብቃል። ወሩ ነሐሴ ነው። ዝናቡ አላባራም፤ ጉሙ ከብቱን ሸፍኖታል። ልጁ ጠዋት የቀመሰው አንድ ድንች ብቻ ነው። በረደውና ከዛፍ ሥር ተጠለለ። ላሞቹ ከጎረቤት ገብስ ገቡ።

ጎረቤትየው መጥቶ ለአባት ተናገረ። አባት አፈረ፤ ተናደደም። ልምጭ ቆርጦ ልጁን ገረፈው። «ከእንግዲህ አይለምደውም» አለ።

እውነትም ልጁ ከዚያ ወዲህ ከብት ከገብስ አላስገባም። በመስከረም ግን ጥጃዋ ቦይ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ልጁ ዐየ። ሮጦ ለአባቱ መናገር ነበረበት። ግን ያ ልምጭ ትዝ አለው። ዝም አለ። ማታ «ከብቱ ሁሉ ገባ?» ሲባል «አዎ» አለ። አባት ደክሞት ስለነበር አልቆጠረም። ሌሊት ጅብ መጥቶ ጥጃዋን በላት።

ታዲያ ልጁ ከልምጩ ምን ተማረ? ከብት መጠበቅን አልተማረም። ጥፋትን መደበቅን ተማረ። አባትስ ምን አጎደለ? አንድ ጥያቄ አጎደለ። «ከብቱ ለምን ገባ?» ብሎ አልጠየቀም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ልጁ እንደራበውና እንደበረደው ይሰማ ነበር። በጉም ውስጥ ስድስት ከብት ለስምንት ዓመት ልጅ እንደሚበዛበትም ይረዳ ነበር።

2. ዱላ ያስፈልጋል የሚሉ ምን ይላሉ?

በአገራችን ልጅን በልምጭ መግረፍ፣ መኮርኮም፣ መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ የቆየ ልማድ ነው። በበርበሬ የሚያጥኑም አሉ። ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ልጃቸውን የሚጠሉ አይደሉም። ልጃቸው ጨዋ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሚሉትን በደንብ እንስማ።

አንደኛ፦ «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?» ይላሉ።

ሁለተኛ፦ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለውን ተረት ይጠቅሳሉ።

ሦስተኛ፦ «መጽሐፍ ቅዱስም ስለ በትር ይናገራል» ይላሉ።

አራተኛ፦ «ልጅ ካልፈራ ይባልጋል፤ በሰው ፊት ያዋርደናል» ይላሉ።

እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። መልሳቸውን በየተራ እንይ።

3. መልሱን እንመርምር

ተገርፈን ማደጋችን እውነት ነው። ነገር ግን ሰው የሆንነው በግርፋቱ ነው? ሞፈር መያዝን ማን አስተማረን? አባታችን ከጎኑ አቁሞ፣ እጃችንን ከእርፉ ላይ አድርጎ አሳየን። ትልሙ ሲጣመም «አይዞህ፣ ወደ ቀኝ» አለን። ሙያን የተማርነው በማየትና በመሞከር ነው።

ሌላም ምስክር አለ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ተጀመረ። ብዙ ገበሬዎች ሞፈርና ቀንበራቸውን አስቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። «ጎልማሳውን በልምጭ እናስተምረው» ያለ ግን አልነበረም። እናንተም ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ተገርፋችሁ አይደለም። «በ»ን «ሰ» ብላችሁ ስትሳሳቱ አስተማሪው ደግሞ አሳያችሁ። ትልቅ ሰው ያለ ዱላ ከተማረ፣ ትንሽ ልጅ ለምን በዱላ ይማራል?

ተረቱስ? ተረቱ ልጅ ይቀጣ ይላል እንጂ ይደብደብ አይልም። ቅጣት ሁሉ ዱላ አይደለም።

በትርን በተመለከተ እናንተው እረኛ ናችሁና ታውቃላችሁ። ጎበዝ እረኛ በበትሩ መንገድ ያሳያል፤ ጅብና ቀበሮ ያባርራል። በጎቹን እየደበደበ የሚውል እረኛ በግ አያረባም። መጽሐፉም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ይመክራል። አንዱን አንብቦ ሌላውን መተው አይገባም።

ፍርሃትንስ? የአዊ ሰው ፈረስ ያውቃል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የፈረስ ትርዒት ሲታይ፣ ያ ሁሉ ያማረ ፈረስ የተገራው እንዴት ነው? ራሱን እየተመታ የተገራ ፈረስ እጅ ባየ ቁጥር ይደነብራል። ልጓም ሲያዩበት ይሸሻል። ጥሩ ፈረሰኛ ግልገሉን ይዳብሳል፣ ድምፁን ያስለምዳል፣ ቀስ በቀስ ይጭነዋል። ፈረሱ ጌታውን ያምናል። ለፈረስ ይህን ያህል ትዕግሥት ካለን ለልጃችን እንዴት እናጣለን?

ልማዳችንም ቢሆን ለዱላ ልክ አበጅቶለታል። ልጅ ሲገረፍ ጎረቤት ዝም ብሎ አያይም። «ኧረ በጊዮርጊስ! ተው፣ ይበቃዋል!» እያለ መሀል ይገባል። ገላጋይ ያስፈለገው ለምንድን ነው? የተቆጣ እጅ ልኩን እንደማያውቅ አባቶቻችን ስለሚያውቁ ነው።

4. ጥናቱ ምን ይላል?

በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ተመራማሪዎች ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። በ2013 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉ ልጆችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ 69 ጥናቶችን አሰባስቦ መረመረ። የተገኘው ውጤት ይህ ነው፦ ዱላ የልጆችን ጠባይ አላሻሻለም። ይልቁንም እየዋለ እያደረ የጠባይ ችግርን አባሰ።

አንዳንድ ሰው «ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ልጁ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው የሚመታው» ይል ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጆችን ለዓመታት መከታተል ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ልጁ ቀድሞ የነበረው ጠባይ ተመዝግቦ፣ ኋላ ከመጣው ጠባይ ጋር ይነጻጸራል። እንዲህም ተደርጎ ውጤቱ ያው ሆነ።

በአገራችንም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በህንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን የተከታተለ ጥናት አለ። ልጆቹ ትምህርት ቤትን የሚጠሉበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ ከዋነኞቹ አንዱ መመታትና መሰደብ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ልጁ ትምህርት እንዲወድ ብለን እየመታን ትምህርት እናስጠላዋለን ማለት ነው።

የአካል ጉዳትም አለ። ጆሮ ላይ የሚያርፍ ጥፊ የጆሮን ታምቡር ይቀዳል። ራስ ላይ የሚያርፍ ምት አንጎልን ይጎዳል። የበርበሬ ጭስ ዓይንን ያቃጥላል፤ ትንፋሽን ያሳጥራል። ልምጩ ዓይን ቢነካ ደግሞ «አውቄ አይደለም» ማለት ዓይኑን አይመልስም።

5. ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአሳዳሪ ቀላል የአካል ቅጣት ይፈቅድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ነገር ተለውጧል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1982 ዓ.ም. ወጣ። ኢትዮጵያ ተቀብላ በ1984 ዓ.ም. አወጀችው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ፣ ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆን መብታቸው ነው ይላል። ስለዚህ ልጃችሁን አስተማሪ ቢደበድበው «ሥርዓት ማስያዝ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጅን የሚያሳድግ ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ቸል ቢል፣ ከዐቅም በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ይቀጣል ይላል። ተገቢ የሆነ የወላጅ ተግሣጽን ግን ሕጉ አይቀጣም። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተገቢ የሚባለው የቱ ነው? አንዱ «አንድ ልምጭ ተገቢ ነው» ይላል። ሌላው «አንዱ ልምጭ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱም አሥር ይሆናል» ይላል።

ይህን ክርክር በሕግ የዘጉ አገሮች አሉ። ስዊድን ልጅን በቤትም ሆነ በሌላ ቦታ መምታትን በ1971 ዓ.ም. ከለከለች። የመጀመሪያዋ አገር እሷ ናት። ከጎረቤቶቻችን ኬንያ በ2002 ዓ.ም.፣ ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ሕገ መንግሥት ከለከሉ። ዛሬ እንዲህ ያደረጉ አገሮች ከ60 በላይ ናቸው።

6. ታዲያ ልጅ ሲያጠፋ ምን እናድርግ?

«ዱላ ከቀረ ልጁ ይለቀቅ?» አትበሉ። ልጅ መታረም አለበት። መንገዱ ግን ይህ ነው፦

ሀ) መጀመሪያ ጠይቁ። «ምን ሆነህ ነው?» በሉ። ልጁ እስኪጨርስ ስሙት።

ለ) ቁጣ ሲመጣ እጃችሁን ሰብስቡ። ከቤት ውጡ፤ ውኃ ጠጡ። ጠላ ወይም አረቄ ጠጥታችሁ ልጅ ለመቅጣት አትነሡ።

ሐ) ጥፋቱን እንዲያቃና አድርጉ። ከብቱ ገብስ ከበላ፣ ልጁን ይዛችሁ ከባለ ገብሱ ዘንድ ሂዱ። ይቅርታ ይጠይቅ። ዐቅሙ በሚችለው ሥራ ያግዝ። ሴት ልጃችሁ ከምንጭ ስትመለስ እንስራ ብትሰብር፣ ተሸክማው የመጣችው ሸክም ለዕድሜዋ ይበዛ እንደሆነ አስቡ። ከዚያ በትንሽ ዕቃ ትቅዳ።

መ) ሥራን በዕድሜ ልክ ስጡ። ያላሳያችሁትን ሥራ ለምን አበላሸህ አትበሉ።

ሠ) የተናገራችሁትን ፈጽሙ። «ዛሬ ከጨዋታ ትቀራለህ» ካላችሁ ይቅር። አባት ከልክሎ እናት ብትፈቅድ ልጁ ሁለቱንም ይንቃል። አስቀድማችሁ ተመካከሩ።

ረ) ጥሩ ሲሠራ አመስግኑት። «ጎበዝ! ከብቱን ቆጥረህ አስገባህ» የሚል አንድ ቃል ከአሥር ልምጭ ይበልጣል።

ሰ) እውነት ሲናገር አትቅጡት። «ጥጃዋ ወድቃለች» ብሎ የሚሮጥ ልጅ ሀብት ነው።

በትምህርት ቤት ልጅ ከተመታ ነገሩን ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረት አቅርቡ። ልጅ በቤት ክፉኛ ሲደበደብ ካያችሁም ገላግሉ። ካልተመለሰ ለቀበሌው፣ በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለያዘው ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ አስታውቁ። ዝም ያለ ጎረቤት የገላጋይነቱን ወግ አፈረሰ።

የዳንግላው ገበሬ ጤፉን፣ የእንጅባራው ገበሬ ድንቹን ሲያርም ቡቃያውን እንዳይረግጥ ይጠነቀቃል። አረሙን ነቅሎ ቡቃያውን ያቆያል። ልጅንም ማረም እንዲሁ ነው።

አዲስ ቃላት

ተግሣጽ = ምክርና ቁጣ ያለበት ማረሚያ ቃል
ማንገላታት = ማጉላላት፣ ማሠቃየት
አንቀጽ = የሕግ ክፍል
ማቃናት = የተጣመመን ማስተካከል

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጁ የጥጃዋን መውደቅ ለምን ደበቀ? እናንተ አባቱ ብትሆኑ በነሐሴ ምን ታደርጉ ነበር?
2. በልጅነታችሁ ከተቀጣችሁት ቅጣት እስከ ዛሬ የምታስታውሱት የቱ ነው? ምን አስተማራችሁ?
3. «ተገቢ ተግሣጽ» የሚባለው ምን ድረስ ነው? እናቶችም አባቶችም ሐሳባቸውን ይናገሩ።
4. ልጃችሁ በዚህ ሳምንት የሠራውን አንድ ጥሩ ነገር በደብተራችሁ ጻፉ። ማታ ለልጁ አንብቡለት።