ጥላ ፊትን ሲቀርጽ

አያቴ ባረፉ ጊዜ እኔ ስለ ብርሃን ለማጥናት ባሕር ማዶ ነበርሁ። ቤተሰቡ ለለቅሶው አሳድጎ ያሳተመው ፎቶግራፍ ከወራት በኋላ በፖስታ ደረሰኝ። በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ በኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ከኋላቸው አድርገው የተነሡት ብቸኛ ፎቶግራፋቸው ነበር። የነጠላቸው ጥለት ሳይቀር ይታያል፤ ዓይኖቻቸው ግን የሉም። ከቅንድባቸው በታች ያለው ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፎቶ አንሺውን ወቀስሁ። በኋላ ግን ያን ፊት ለማዳን ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የማያልፍ ዕውቀት ይበቃ እንደነበር ተረዳሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንኑ ዕውቀት ለአንባቢያን ማካፈል ነው።

እንደሚታወቀው አንድ አካል የብርሃንን መንገድ ሲዘጋ የሚፈጠረው ጥላ ሁለት ክፍል አለው። ይኸውም የብርሃኑ ምንጭ ፈጽሞ የማይታይበት ሙሉ ጥላ እና ምንጩ በከፊል የሚታይበት ከፊል ጥላ ነው። አንዲት ጉንዳን በሰው ጉንጭ ላይ ከአፍንጫ ጥላ ወደ ብርሃን ስትጓዝ አስቡ። በመጀመሪያ ፀሐይን አታይም፤ ቀጥሎ የፀሐይ ጠርዝ ከአፍንጫው ጀርባ ብቅ ይልላታል፤ በመጨረሻ ፀሐይ ሙሉ ሆና ትታያታለች። ጠርዟ ብቅ ካለበት እስከ ሙሉዋ ድረስ ጉንዳኗ የተጓዘችው ርቀት የከፊል ጥላው ስፋት ነው። ይህን ስፋት ለማግኘት የምንጩን ስፋት ከጋራጁ እስከ ጉንጭ ባለው ርቀት አባዝቶ ከምንጩ እስከ ጋራጁ ላለው ርቀት ማካፈል ይበቃል።

እስቲ እናስላው። የፀሐይ ስፋት 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ርቀቷም 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሆነ ውድሩ ወደ 1 ለ107 ይጠጋል። የአፍንጫ ጫፍ ከጉንጭ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ከፊል ጥላው ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጥላው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። አሁን ደግሞ ያንኑ ሰው 1 ሜትር ስፋት ካለው መስኮት 1 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡት። ከፊል ጥላው 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ብርሃን ወደ ጥላ የሚሸጋገረው በዝግታ ነው። ተማሪዎቼን «ጥላን የሚያከርረው ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ «የብርሃኑ ኃይል» ይላሉ። አይደለም። ወሳኙ ምንጩ ከፊቱ ሲታይ የሚይዘው ማዕዘን ነው። ግዙፏ ፀሐይ በርቀቷ ምክንያት ትንሽ ምንጭ ስትሆን፣ ተራው መስኮት ግን ትልቅ ምንጭ ነው። የክረምት ደመናማ ሰማይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው አቅጣጫ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በእኩለ ቀን አናታችን ላይ ትቆማለች። (እኩለ ቀኑ ራሱ በሰዓታችን 6 ሰዓት ሳይሆን በሚያዝያ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ የምንጠቀምበት ሰዓት ከከተማችን በስተምሥራቅ ባለው 45 ዲግሪ ኬንትሮስ የተቃኘ ነውና።) ከአናት የሚወርድ ብርሃን ግንባርን ያበራል፤ ቅንድብም ዓይንን ይጋርዳል። የምረቃ ቀን ፎቶግራፎቻችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ።

የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት (1606–1669) በብዙ ሥዕሎቹ ብርሃኑን ከላይና ከጎን ያመጣው ነበር። ብርሃን ወደ 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ ወደ 45 ዲግሪም ወደ ጎን ሲርቅ፣ የአፍንጫ ጥላ ከጉንጭ ጥላ ጋር ይገናኝና በጨለመው ጉንጭ ላይ ከዓይን በታች ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ይቀራል። ፎቶ አንሺዎች ዛሬም በሠዓሊው ስም ይጠሩታል።

ጥላው ምን ያህል ይጥቆር? ይህ የእናንተ ምርጫ ነው፤ መሣሪያውም ነጭ ጨርቅ ነው። ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ነጠላ ብትዘረጉና የዋናውን ብርሃን አንድ ሦስተኛ ለፊቱ ሁሉ ቢመልስ፣ የበራው ጎን 3 እና 1 ተደምሮ 4፣ የጨለመው ጎን 1 ያገኛል። ውድሩ 4 ለ1 ሆነ ማለት ነው። ነጠላውን ስታርቁት ፊቱ ይከብዳል፤ ስታቀርቡት ይለዝባል።

ስለ እኛ ቆዳ ግን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ቆዳ ብርሃንን በሁለት መንገድ ይመልሳል። አንደኛው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ተበትኖ የሚወጣው ነው፤ ይህ በሜላኒን መጠን ይቀንሳል። ሁለተኛው ከቆዳው ገጽ ላይ እንደ መስተዋት የሚንጸባረቀው ነው። የቆዳ የስብረት መጠን 1.4 ገደማ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ከሚያርፍ ብርሃን ወደ 3 በመቶ የሚሆነው በዚህ መንገድ ይመለሳል፤ ብርሃኑ እያጋደለ ሲሄድም መጠኑ ይጨምራል። ይህ ነጸብራቅ ከሜላኒን ጋር ግንኙነት የለውም። ስለዚህ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከውስጥ የሚመለሰው ብርሃን አነስተኛ በመሆኑ የገጹ ነጸብራቅ ድርሻ ይጎላል። የጉንጭን አጥንት፣ የግንባርን ጉብታ የሚስለው በአብዛኛው እርሱ ነው። ምንጩ ትንሽ ከሆነ እንደ ላብ ጠብታ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ይሆናል፤ ሰፊ ከሆነ ግን ቅርጹን ተከትሎ የሚፈስ ረጋ ያለ ወገግታ ይሰጣል። ነጣ ያለ ፊትን በጥላ መቅረጽ ይቻላል፤ ጠቆር ያለ ፊት ግን በጥላም በነጸብራቅም ይቀረጻል። በእኔ አስተያየት ይህ ሀብት እንጂ ችግር አይደለም።

ችግሩ ያለው በመለኪያው ላይ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር በአማካይ 18 በመቶ ያህል ብርሃን እንደሚመልስ አድርጎ ይገምታል። የኖራ ግድግዳ ግን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሊመልስ ይችላል። መለኪያው ግድግዳውን ግራጫ ሊያደርግ ሲል ብርሃኑን ወደ ሩብ ያወርዳል፤ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። የአያቴ ዕጣ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በቀለም ፎቶግራፍ ታሪክ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኮዳክ ለፎቶግራፍ ማተሚያዎች ቀለም ማስተካከያ ብሎ የሚልከው ‹ሸርሊ› የተባለው ካርድ የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር። (የአያቴ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም።) ዛሬ በእጅ ስልክ የምታነሡ ሁሉ በማያ ገጹ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ንኩና ብርሃኑን በዚያ መጠን አስተካክሉ። ስልኩም 1 ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ሲቀርብ አፍንጫን ያገዝፋል።

ባለፈው ዓመት እናቴን በቤቷ አነሣኋት። በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከበሩ 1 ሜትር ከ20 ወደ ውስጥ በዱካ ላይ ጎኗን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ተቀመጠች። ከኋላዋ በጢስ የጠቆረው ግድግዳ ነበር፤ ነጠላዋን በጨለመው ጎን በወንበር ላይ ዘረጋሁት። የጠቆረው ግድግዳ መለኪያውን በተቃራኒው ስላሳሳተው ብርሃኑን ጥቂት ቀነስሁ። ፎቶግራፉን ሳሳያት ስልኩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና፣ «ይኼ የእናቴ ዓይን ነው» አለችኝ።