አዲስ ቃልና ያልታወቀ ዕቃ፦ የመቀሌ ሕፃናትን የቃል ትምህርት ለመመዘን መታሰብ ያለባቸው ነጥቦች

በአንዲት የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ፊት የውሻ አሻንጉሊትና አይታው የማታውቀው የሸማኔ መወርወሪያ ተቀምጠው «ሊቦፍ የታለ?» ተብላ ብትጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የምትጠቁመው መወርወሪያውን ነው። «ሊቦፍ» ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠረ፣ ትርጉም የሌለው ቃል ነው። ሕፃኗ ግን የውሻውን ስም ስለምታውቅ አዲሱን ቃል ስም ለሌለው ዕቃ ትሰጠዋለች። ማርክማንና ዋክቴል እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ይህን ዝንባሌ፣ ሕፃናት አንድ ዕቃ አንድ ስም ብቻ እንዳለው አድርገው ከመገመታቸው ጋር አያይዘውታል።

ይህ ግምት መቀሌ ላይ ይፈተናል። በትግርኛ ተናጋሪ ቤት የምታድግ ሕፃን አሻንጉሊቱን «ከልቢ» ትለዋለች፤ በአማርኛ የቴሌቪዥን ዝግጅት የምትሰማው ደግሞ «ውሻ» ነው። ማይ ውሃ፣ ጸባም ወተት ይሆናል። ጥያቄው በአማርኛ ሲቀርብላትና የእንስሳውን የአማርኛ ስም ገና ካልያዘች፣ ሁለቱም ነገሮች በአማርኛ ስም የላቸውም ማለት ነው። ታዲያ «ሊቦፍ» የከልቢ የአማርኛ ስም ሊሆን አይችልም ያለው ማን ነው? ጣቷን ወደ አሻንጉሊቱ ብትቀስር መዛኙ ስህተት ብሎ ይመዘግባል፤ እኔ ግን ተገቢ ግምት እለዋለሁ። ባየርስ ሃይንላይንና ዌርከር እ.ኤ.አ. በ2009 ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 18 ወር በሆኑ ሕፃናት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰሙት ዝንባሌውን በግልጽ አሳይተዋል፤ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉት ላይ ደካማ ነበር፤ በሦስት ቋንቋ የሚያድጉት ላይ አልታየም።

ነገሩ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። በኮቪድ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ምክንያት የትግራይ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ «ይህ ሕፃን ወደ ኋላ ቀርቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚሻ ሆኗል፤ ለአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች የተሠራ መመዘኛ ደግሞ ጤናማውን ሕፃን የዘገየ ሊያስመስለው ይችላል።

የጥያቄው ሰዋስው ራሱ ብዙም ያልተስተዋለ ችግር አለው። በአማርኛ «ሊቦፉን ስጪኝ» ስንል የእመርታው ምልክት ከቃሉ ጋር ተዋህዶ የመጨረሻውን ፊደል ይለውጠዋል፤ የተሳቢው «ን»ም ይከተለዋል። ሕፃኗ ቃሉን ከማወቋ በፊት ከቅጥያዎቹ ነጥላ ማውጣት ይጠበቅባታል። በትግርኛ ግን «ነቲ ሊቦፍ ሃብኒ» ሲባል ምልክቱ ተለይቶ ከፊት ስለሚመጣ ቃሉ እንዳለ ይሰማል። ሁለቱ ጥያቄዎች ለአዋቂ እኩል ቢመስሉም ለሕፃን እኩል አይከብዱም። «የታለ?» ብሎ መጠየቅ ቃሉን በአማርኛም ሳይለወጥ ያስቀረዋል። የሚፈጠረው ቃል የትግርኛውን ቐ ወይም የጉሮሮ ድምፅ የሆነውን ዐ ከያዘ ደግሞ ቋንቋውን ገና ሲሰማ ያስታውቃልና ሁለቱ ቋንቋዎች በሚጋሯቸው ድምፆች መወሰኑ ይሻላል።

በትክክል መጠቆምም ቃሉን መማር አይደለም። ኬሪና ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1978 የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናትን «ሰማያዊውን ሳይሆን ክሮሚየሙን ሳህን አምጣ» በሚል ዓይነት ትእዛዝ ለወይራ ቀለም አዲስ ስም አሰምተዋቸው ነበር፤ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ከፊሎቹ ስለ ቃሉ የሆነ ነገር ይዘው ተገኝተዋል። ሆርስትና ሳሙኤልሰን ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ያጠኗቸው የሁለት ዓመት ሕፃናት አዲሱን ዕቃ በትክክል ከመረጡ በኋላ፣ አምስት ደቂቃ ቆይተው ሲጠየቁ ቃሉን አላስታወሱትም፤ ዕቃው ተለይቶ ከፊታቸው ተይዞ ስሙ ሲነገራቸው ግን የተሻለ ያዙት። በእኔ አስተያየት የመቀሌው መመዘኛ ክብደት መስጠት ያለበት ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ዕቃውም ቢሆን ለሁሉም እንግዳ ነው ተብሎ አይገመትም። መወርወሪያ ለሸማኔ ልጅ የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው፤ ሞፈር ከገጠር ለመጣ ልጅ የአባቱ መሣሪያ፣ በከተማ ለተወለደ ግን ተራ እንጨት ነው። ስለዚህ ምዘናው ከመጀመሩ በፊት እናት ወይም አሳዳጊ ዕቃዎቹን አይታ ልጇ የትኞቹን እንደሚያውቅና በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠራቸው ትናገር፤ ጥያቄውም በትግርኛና በአማርኛ በተለያዩ ቀናት ይቅረብ፤ በውጤት መዝገቡ ላይም ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ጥያቄው የቀረበበት ቋንቋ ይጻፍ።