ልጄ፣ ትዝታ ስትከፍቺ

ልጄ፣ ከሥራ ገብተሽ ኤርፎንሽን ሰክተሽ እስከ እኩለ ሌሊት እንደምትቀመጪ እናትሽ ነገረችኝ። «ካለ ዘፈን ልቤ አያርፍም» ብለሻታል አሉ። ልከለክልሽ አይደለም የምጽፍልሽ። ሙዚቃ ልብ እንደሚያሳርፍ እኔም አምናለሁ፤ የማስበው አሰማምሽን ነው።

1. ስታዝኚ «ደስ የሚል ነገር ስሚ» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ያዘነ ሰው የሰርግ ዘፈን ሲሰማ ጭራሽ ይናደዳል። የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዎች ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠሩበት አንድ ዘዴ አለ። መጀመሪያ ከታማሚው ስሜት ጋር የሚመሳሰል ዜማ ያሰሙታል፤ ከዚያ ፍጥነቱንና መንፈሱን በጥቂት በጥቂቱ ይለውጡታል። አንቺም በግማሽ ትዝታ ብትጀምሪ ምንም አይደለም። ከዚያ ወደ ሙሉው ትዝታ እለፊ፣ ቅኝቱ ቀለል ይላል፤ ቀጥሎ ትከሻሽን ወደሚያነቃንቀው ሂጂ። የማልወድልሽ በትዝታ ጀምረሽ ትዝታ ላይ ስታድሪ ነው። አንድ ዘፈን ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋገም አንድ ሐሳብም አብሮት ይደጋገማል።

2. እንባ ከመጣ ይምጣ። ድሮ ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጅ ትጠራ ነበር። የሟቹን ሙያ፣ ደግነቱን፣ ትቷቸው የሄደውን ልጆች በግጥም እያነሣች ሰዉን ታስለቅሳለች። ሐዘንተኛው ብቻውን ቢሆን አምቆ የሚይዘውን እንባ ሰፈርተኛው አብሮት ያፈሰዋል። ቀሳውስቱ ፊት መንጨትና ደረት መድቃት አይወዱም፤ ልክ ናቸው። ግጥሙና ዜማው አብረው መጥፋታቸው ግን ያስቆጨኛል። ዛሬ ከተማ ላይ ለቅሶ ቤት ካርታ ይጫወታሉ።

3. እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ በገና ስሚ። ከበግ አንጀት የተሠሩ 10 አውታሮች አሉት። በአውታሩና በበርኩማው መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ እንዝራ ይሏታል፤ ያ ደረት ውስጥ የሚገባው ንዝረት የሚመጣው ከእሷ ነው። ደርዳሪው አይቸኩልም፣ አንቺም ስትሰሚው መቸኮል ያቅትሻል። በዐቢይ ጾም በየቤቱ የሚሰማውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር ታውቂያለሽ፤ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ላይ አለ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ምዕራፍ 18ን ብትቀጥዪ ያው ሳኦል፣ ዳዊት እየደረደረለት ሳለ ጦር ወረወረበት። በገናው ያው በገና፣ ደርዳሪውም ያው ዳዊት ነበር። ስለዚህ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ፣ ከሰው መሸሹ ሁለት ሳምንት ካለፈው ዘፈን አትቀያይሪ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄደው ያበደ ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ለአውሪዎቹ ተይላቸው።

4. ድምፁን ቀንሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በ80 ዴሲቤል ቢበዛ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ታክሲ ውስጥ ያለውን ጩኸት ደግሞ ከዚህ ላይ ደምሪበት።

5. ሙዚቃ ራሱ የሚያስከፋሽ ጊዜ ቢመጣ አትደንግጪ። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዳይማሩ ሲከለከሉ እህል እስከ መተው ደርሰው ታመሙ። ከዚያ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ ለዓመታት ፒያኖ አልነኩም። ዛሬ ዓለም ጸጥ ብሎ የሚሰማቸው ዜማዎች ወደ ፒያኖው ከተመለሱ በኋላ የመጡ ናቸው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። ለጊዜው ብታቆሚ የሚሸሽሽ ነገር የለም።

6. ከሁሉ በላይ ይህን ያዢልኝ፤ ከመስማት መጫወት ይበልጣል፣ ብቻ ከመሆን ከሰው ጋር። ኤርፎን ያሳርፍሽ ይሆናል፣ ግን ብቻሽን ነው የሚያስቀምጥሽ። በደቦ ሲታጨድ ይዘፈናል፣ እህል ሲወቃ ይዘፈናል፤ ማኅሌት ላይ ሌሊቱን በከበሮና በጸናጽል ቆመው ያድራሉ። አብረው ሲዘምሩ ትንፋሽ ሳይቀር ይገጥማል። ደክሞት የመጣውም ሰው ከመሃል ሲገባ ድካሙን ይረሳዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍል ግቢ፤ እሱ ካልሆነልሽ ክራር ተማሪ። አውታሩ አምስት ወይም ስድስት ነው፣ ለጀማሪ አይከብድም። ድምፅሽ እንደማያምር አውቃለሁ፣ የአባትሽም አያምርም ነበር፤ ግን በየሰርጉ ከመዝፈን አላገደውም።

ክራሩን የምገዛው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣሽ ነይና አብረን እንምረጥ፤ ኤርፎኑን ቤት ትተሽው ነይ።