ሜዳዩና ባለቤቱ
(በሰሜን ሸዋ የአርበኞችን ሽልማት ስለ ማጥናት)

ኒሻን ወይም ሜዳይ ማለት አንድ መንግሥት ለአገሩ ለደከመ ሰው የሚሰጠው የክብር ምልክት ነው። ምልክትነቱ የሚጸናው ግን ማን፥ የት፥ መቼና ስለ ምን እንደ ተቀበለው የሚያውቅ እስካለ ድረስ ነው። የሚያውቀው ሰው ካለፈና የሚመሰክረው ወረቀት ከጠፋ ሜዳዩ አንድ ቁራጭ ነሐስ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ነገር በሰሜን ሸዋ ለምንማር ተማሪዎች የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በአንኮበር፥ በመንዝ፥ በተጉለት፥ በቡልጋና በመርሐ ቤቴ የአያት ሜዳይ በሣጥን ግርጌ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ቤት ይገኛል። ነገር ግን ድል በተገኘበት በ1933 ዓ. ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዕድሜው መቶ ይጠጋል። እንግዲህ ባለሜዳዮቹን ከራሳቸው አፍ የምንጠይቅበት ዘመን አልፏል ማለት ይቻላል፤ ልጆቻቸውም አርጅተዋል። በአዲስ አበባ የጥንት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ደግሞ ሜዳይ ያለ ስም ለመንገደኛ ይሸጣል። በዚያ ጊዜ የሚሸጠው ነሐሱ ነው፤ ታሪኩ ግን ለሻጩም ለገዢውም ሳይሆን በመካከል ይጠፋል። ስለዚህ ሜዳይን ከባለቤቱ ጋር ለማገናኘት ጥናቱ እንዴት እንደሚካሄድ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1ኛ፤ ከሜዳይ በፊት የነበረው ሽልማት

ጀግናን መሸለም ለሸዋ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በአንጎለላ ሲነግሡ ሜዳይ አልነበረም፤ ሽልማት ግን ነበረ። ለምድ፥ የአንበሳ ጎፈር፥ የብር ቢተዋ፥ በብር የተለበጠ ጋሻና ጎራዴ የጀግናውን ማዕረግ ለሚያየው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ሕዝቡ ሸላሚውንም ተሸላሚውንም ያውቃቸው ስለ ነበረ ወረቀት አላስፈለገም።

ስለዚህ ዘመን የምናውቀው ከአገራችን ዜና መዋዕልና ትውፊት ሌላ ከውጭ መንገደኞች ጽሑፍ ጭምር ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1839 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አንኮበር ገብቶ ያየውን በማስታወሻው ጽፏል። ከእርሱ በኋላ በ1841 ከመጣው ከእንግሊዙ ከካፒቴን ሐሪስ መልእክት ጋር ሁለት ጀርመኖች ነበሩ፤ አንደኛው የተፈጥሮ ዕውቀት ተመራማሪው ዶክተር ሮት፥ ሁለተኛው ሠዓሊው ዮሐን ማርቲን በርናትስ ናቸው። የበርናትስ ሥዕሎች በ1852 ታትመው ወጥተዋል። የአያቶቻችንን አለባበስና የጦር ዕቃ ለሚያጠና ተማሪ እንዲህ ያለው ሥዕል እንደ አንድ ምስክር ይቈጠራል።

ወደ አውሮፓ ሥርዓት የቀረበው ኒሻን በሸዋ የተጀመረው ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው። የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን የተመሠረተው በ1877 ዓ. ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የክብር ምልክት ከጋሻና ከለምድ ወደ ደረት ጥብጣብ እየተዛወረ ሄደ። ያን ጊዜም አዲስ ችግር መጣ፤ አንድ ዓይነት ሜዳይ ለብዙ ሰው ስለሚሰጥ ሜዳዩን አይቶ ባለቤቱን ማወቅ አይቻልም።

2ኛ፤ ጀርመኖች ከደረሰባቸው የምንማረው

በዚህ ችግር እጅግ የደከሙት የጀርመንን የጦር ሜዳዮች የሚያጠኑ ሰዎች ናቸውና የእነርሱን አካሄድ መመልከት ይጠቅመናል።

የብረት መስቀል የተባለውን ሽልማት የፕሩሺያ ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም 3ኛ በማርች 10 ቀን 1813 በብሬስላው ከተማ አቋቋመ። ጊዜው ከናፖሌዎን ጋር የሚዋጉበት ነበር። አዲስነቱ በሁለት ነገር ነው፤ በወርቅ ፈንታ ከብረት መሠራቱና መኰንንና ተራ ወታደር ሳይለይ መሰጠቱ ነው። ይኸው መስቀል በ1870፥ በ1914 እና በ1939 እንደገና ታወጀ፤ በየጊዜውም ያው ዓመት ተቀረጸበት።

ጀማሪ ተመራማሪ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። በመስቀሉ ላይ ያለው ዓመት ጦርነቱ የተጀመረበት እንጂ ሰውየው የተሸለመበት አይደለም። «1914» የሚል መስቀል በ1918 የተሰጠ ሊሆን ይችላል። የተሸላሚው ስምም እንደ ደንብ አይቀረጽበትም፤ እንግሊዞች ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳዮቻቸው ጠርዝ ላይ የወታደሩን ስምና ቍጥር ይቀርጹ ነበር። በዚያ ጦርነት የተሰጠው የ2ኛ ደረጃ የብረት መስቀል ወደ 5 ሚሊዮን ስለሚገመት ብረቱን ብቻ ይዞ ባለቤቱን መፈለግ ከባሕር አንድ ጠብታ እንደ መለየት ነው።

ስለዚህ የጀርመን ተመራማሪ ከሜዳዩ ይልቅ ወረቀቱን ይፈልጋል፤ ይኸውም የሽልማቱን ምስክር ወረቀትና የወታደሩን የአገልግሎት ደብተር ነው። ነገር ግን በአፕሪል 14 ቀን 1945 ፖትስዳም በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ የፕሩሺያ ጦር መዝገብ ቤት ተቃጥሎ አብዛኛው ሰነድ ዐመድ ሆነ። የባቫሪያ ጦር መዝገብ በሙኒክ ስለ ነበረ ተረፈ። ከዚህ የተነሣ ስለ አንድ የባቫሪያ ወታደር ማወቅ ሲቻል ስለ ፕሩሺያው ጓደኛው ለማወቅ በጦርነቱ ዘመን የታተመውን የሙታንና የቁስለኞች ዝርዝር፥ የየክፍለ ጦሩን ታሪክ፥ የከተማውን ጋዜጣና በቤተሰብ እጅ የቀረውን ወረቀት እየለቀሙ መገጣጠም ግድ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፤ በሜዳይ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ የሚመስለውን ማለቱ አይደለም። ሁለተኛ፤ ዋናው መዝገብ ቢጠፋም ሥራው አያበቃም፤ ከትናንሽ ምስክሮች እንደገና ይጀመራል።

3ኛ፤ ባለ ዘንባባው ሜዳይ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ. ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ልክ በ5ኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. ተመልሰው ገቡ። ከድል በኋላ በዱር በገደል ለታገሉት የአርበኛነት ሜዳይ፥ በስደት ለቆዩት ደግሞ የስደት ሜዳይ ተሰጠ። በአርበኛው ሜዳይ ጥብጣብ ላይ ለእያንዳንዱ የትግል ዓመት አንድ ዘንባባ ይደረጋል። «ባለ 5 ዘንባባ አርበኛ» ሲባል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልተበገረ ማለት ነው።

ዘንባባው ከጀርመኑ መስቀል ዓመት ይልቅ ብዙ ይነግረናል፤ ሁሉን ግን አይነግረንም። አንድ ባለ 3 ዘንባባ ሜዳይ ብናገኝ ሦስት ዓመት መታገሉን እናውቃለን፤ የትኞቹን ሦስት ዓመታት እንደ ሆነ ግን አናውቅም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. የአዲስ አበባ እልቂት በኋላ ጫካ የገባ ሰው ይሆን? ወይስ በመጀመሪያ ተዋግቶ፥ ቈስሎ ወይም ተማርኮ የቀረ? ሜዳዩ አንድ ነው፤ የሕይወት ታሪኩ ግን ሌላና ሌላ ነው። ዘንባባውም በጥብጣቡ ላይ የሚሰካ ስለ ሆነ ሊወልቅም ሊጨመርም ይችላል። ስለዚህ ቍጥሩን ከወረቀት ጋር ሳናስተያይ አንመን።

4ኛ፤ አራቱ ምስክሮች

የመጀመሪያው ምስክር ዕቃው ነው። ሜዳዩን በሁለት ገጽ እናንብበው፤ ጽሑፉን፥ ምስሉን፥ የጥብጣቡን ቀለምና የዘንባባውን ቍጥር በደብተር እንጻፍ። እንዲያብረቀርቅ ብለን በአመድ ወይም በሎሚ አንፈትገው፤ ጽሑፉን ያጠፋዋልና።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። ከሜዳዩ ጋር የተሰጠ የምስክር ወረቀት በቤቱ ካለ ከሜዳዩ ይበልጣል። ከቤት ውጭ ደግሞ ከ1933 ዓ. ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ፥ ከ1934 ዓ. ም. ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ፥ በወመዘክር ያሉ ሰነዶች፥ የአርበኞች ማኅበር መዝገብና እንደ ታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው» ያሉ የአርበኞች ታሪክ መጻሕፍት አሉ። እዚህ ላይ ስለ ስም መጠንቀቅ ያሻል። አንድ ሰው በክርስትና ስሙ፥ በዓለም ስሙ፥ በፈረስ ስሙና በማዕረጉ ሊጠራ ይችላል። ማዕረግም ይለወጣል፤ በ1928 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ባላምባራስ አበበ አረጋይ በ1933 ዓ. ም. ራስ አበበ ናቸው። ይህን ያላወቀ ተማሪ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል፤ ወይም ሁለት ሞክሼዎችን አንድ ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛው አንደበት ነው። በሽማግሌ ቤት ገብቶ «ሜዳይ አላችሁ ወይ?» ብሎ የሚጀምር ሰው እንደ ዕቃ ገዢ ይታያል፤ መታየቱም ትክክል ነው። ይልቅስ «አባባ፥ አባትዎ የዘመቱት ከማን ጋር ነበር?» «እማማ፥ ስንቅ ያቀብል የነበረው ማን ነው?» ብለን በታሪኩ ብንጀምር ሜዳዩ ራሱ ከሣጥኑ ይወጣል። ከ1966 ዓ. ም. አብዮት በኋላ የንጉሡን ምስል ማሳየት የሚያስፈራበት ጊዜ እንደ ነበረም እናስታውስ፤ ለመናገር የሚያመነታ ሰው ምክንያት አለው። የሚነገረንን በዓመተ ምሕረት ብቻ አንጠይቅ፤ «ከየካቲት 12 በፊት ነው በኋላ? አዝመራው ተሰብስቦ ነበር?» ብንል ዘመኑ ይበልጥ ይጠራል።

አራተኛው የጠላት መዝገብ ነው። ጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው የጀግንነት ሜዳይ ሲሰጡ የምክንያቱን ጽሑፍ በውጊያው ቦታና ቀን ይዘጉት ነበር። እንግዲህ የጠላት ወታደር በዚህ ቀን በዚህ ተራራ ተዋግቶ ተሸለመ ከተባለ በዚያ ቀን በዚያ ተራራ ከፊቱ የቆመ የእኛ ሰው ነበረ ማለት ነው። የባላገሩ ትውፊት «በእገሌ አምባ የተደረገው ጦርነት» ብሎ ያቆየውን ውጊያ ቀኑን ከዚያ እናገኛለን። የጣሊያን ፊደል ቀን ከከ፥ ጠን ከተ ስለማይለይ የስሙን አጻጻፍ በጥርጣሬ ማንበብ ይገባል።

የዚህ አካሄድ ጥቅም በመንዝ በዘረት ታይቷል። በሚያዝያ 1931 ዓ. ም. የራስ አበበ ወገን የሆኑ አርበኞች ከቁስለኞች፥ ከሽማግሌዎች፥ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር አመፀኛ ዋሻ በተባለው ስፍራ ተከበቡ። ጠላት የመርዝ ጢስ አስገባባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡትም ወንዶቹን በጥይት ፈጀ። ያገሩ ሰው ይህን አልረሳም፤ የውጭው ዓለም ግን አያውቅም ነበር። በ2006 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በአገሩ ጦር መዝገብ ያገኘውን ሰነድ ይዞ ወደ መንዝ መጣና በዋሻው ውስጥ ዐፅሙን አገኘ። ወረቀቱ ከኢጣሊያ፥ አንደበቱ ከመንዝ ሆኖ ሁለቱ አንድ ነገር መሰከሩ።

5ኛ፤ ሜዳይ ያልደረሳቸው

የሜዳይን ታሪክ ብቻ የጻፈ ሰው የተረፉትን ታሪክ ጻፈ እንጂ የትግሉን ታሪክ አልጻፈም። ኃይለ ማርያም ማሞ ጠላት አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት በነበረው ቀን በጫጫ በኩል ያልፍ የነበረውን የጠላት ጦር አደጋ ጥሎበታል፤ በ1930 ዓ. ም. ግን በጦር ሜዳ ወደቀ። ለድል በዓል ሜዳይ ሲታደል እርሱ በመቃብር ነበር። ዛሬ ስሙን በደብረ ብርሃን የምናገኘው በትምህርት ቤት ስም ነው። በግንቦት 1929 ዓ. ም. ከደብረ ሊባኖስ ወደ ደብረ ብርሃን ተጋዘው በእንገጫ የተረሸኑትን ዲያቆናት ጠላት ራሱ በቴሌግራሙ 129 ብሎ ቈጥሯቸዋል፤ ቍጥሩን እንጂ ስማቸውን አልተወልንም።

የውስጥ አርበኞችም አሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች በመርዳታቸው ተይዘው ወደ አዚናራ ደሴት እስከ መጋዝ ደርሰዋል። የእርሳቸው ስም ታውቋል፤ እህል በሌሊት የፈጨችው፥ ጥይት በእንስራ ያመላለሰችው የባላገር ሴት ግን ዘንባባ የሚቈጠርላት አልሆነችም። ስለዚህ አንድን ሜዳይ ስናጠና ከባለቤቱ አጠገብ ማን እንደ ነበረ፥ ማን እንዳበላው፥ ማን እንደ ሞተ አብረን እንጠይቅ። ያን ጊዜ አንዱ ሜዳይ የአሥር ሰው በር ይከፍትልናል።

6ኛ፤ ሥራው የማን ነው?

ይህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ለዕረፍት ወደ አገራችን እንገባለን። አንድ ተማሪ አንድ ሜዳይ ይያዝ፤ አንድ ገጽም ይጻፍ። በገጹ ላይ የባለቤቱ ሙሉ ስምና የሚጠራበት ስም ሁሉ፥ የትውልድ ቀበሌው፥ አለቃው፥ የተዋጋባቸው ቦታዎች፥ የዘንባባው ቍጥር፥ የወረቀቱ ግልባጭ፥ አብረውት የነበሩት ሰዎችና ይህን የነገረን ሰው ማን እንደ ሆነ ይግባበት። የሰማነውን «ሰማን»፥ ያየነውን «አየን» ብለን ለይተን እንጻፍ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ቢነግሩን ሁለቱንም እናስቀምጥ፤ ለማስታረቅ አንቸኩል። ሜዳዩን አንውሰድ፤ ያለ ፈቃድም ፎቶግራፍ አናንሳ። የጻፍነውን አንዱን ግልባጭ ለቤተሰቡ፥ ሌላውን ለዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት እንስጥ።

ዕቃውን ለመጠበቅ ሙዚየም ያስፈልጋል፤ ሙዚየምም ጊዜውን ጠብቆ ይሠራል። ስሙን ለመጠበቅ ግን እርሳስና ደብተር ይበቃል፤ የሚያስፈልገው የሚጠይቅ ሰው ነው። የሚመልሱልን ሽማግሌዎች ደግሞ የሙዚየሙን መሠራት አይጠብቁንም። በመጪው ዕረፍት ሳንዘገይ እንጠይቃቸው።