የአንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ምርመራ፦ ናሙናው ማሽን ላይ ከመድረሱ በፊት

ፅንስ ደጋግሞ የጨነገፈባት ሴት ወይም ገና በ30 ዓመቱ እግሩ ላይ ደም የረጋበት ወጣት ሲመጣ፣ ሐኪም ከሚጠረጥራቸው ሕመሞች አንዱ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ነው። በምልክት ብቻ አይወሰንም፤ ላብራቶሪ ማረጋገጥ አለበት። በስህተት «አለ» ከተባለ ታካሚው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ሊወስድ ይችላል። በስህተት «የለም» ከተባለ ሴትየዋ ያለ ሕክምና ደግማ ታረግዛለች።

ምርመራዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን እና አንቲ ቤታ-2 ግላይኮፕሮቲን 1። አብረው ይታዘዙ፤ ሦስቱም ፖዘቲቭ የሆነበት ሰው አደጋው ከሁሉ የከፋ ነው። በናሙና አያያዝ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው። ስሙም ያሳስታል፤ በቱቦ ውስጥ ደም የሚረጋበትን ጊዜ ያራዝማል፣ በሰውነት ውስጥ ግን ደም ያረጋል። ሉፐስ የሌለበት ሰውም ይገኝበታል።

1. መድኃኒቱን ጠይቁ። ሄፓሪን፣ ዋርፋሪንና ሪቫሮክሳባን ውጤቱን ያዛባሉ። ቢቻል ናሙናው ሕክምና ሳይጀመር ይወሰድ። ኢኖክሳፓሪን የሚወጋ ታካሚ ከመጨረሻው መርፌ ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆይ። ለምርመራ ሲባል መድኃኒት አቋርጥ አትበሉት፤ ይህ የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

2. ናሙናውን በጥንቃቄ ያዙ። 3.2 በመቶ ሲትሬት ያለበት ባለ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ እስከ መስመሩ ይሞላ፤ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ነው። ግማሽ የተሞላ ቱቦ ከመጣ እንደገና ይቀዳ። በ4 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሴንትሪፉጅ ይደረግ፤ ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ፕላዝማውን በፕላስቲክ ፒፔት ወደ ሌላ የፕላስቲክ ቱቦ ስታዛውሩ፣ ከቀይ ሕዋሳቱ በላይ ያለውን ስስ ነጭ ሽፋን አትንኩ፤ ከሱ በላይም ጥቂት ፕላዝማ ይቅር። በሁለተኛው ዙር የቱቦውን ታች ተዉት፤ ለዓይን ምንም ባይታይም ፕላትሌቶች እዚያ ተቀምጠዋል። ናሙናው በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ፕላትሌቶቹ ይፈርሳሉ፣ የሚወጣው ፎስፎሊፒድ አንቲቦዲውን ይይዘዋል፣ ውጤቱም በሐሰት ኔጌቲቭ ይሆናል። የሚቀረው ፕላትሌት በማይክሮሊትር ከ10,000 በታች ይሁን።

3. በሁለት መንገድ ሥሩ። አንዱ በእባብ መርዝ የሚሠራው ምርመራ ነው፤ ሌላው ሉፐስ አንቲኮአጉላንትን ለመለየት በተዘጋጀ ሪኤጀንት የሚሠራ ኤፒቲቲ። ከሁለቱ አንዱ ፖዘቲቭ ከሆነ ይበቃል። እያንዳንዱ ማጣሪያ፣ ከጤነኞች ፕላዝማ ጋር እኩል ለእኩል ማቀላቀል፣ ከዚያም ፎስፎሊፒድ ጨምሮ ማረጋገጥ አለው። የተለመደው ኤፒቲቲ ኖርማል ሆነ ብላችሁ አትዝጉት።

4. ድገሙ። ኢንፌክሽን እነዚህን አንቲቦዲዎች ለጊዜው ሊያመጣቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሲድኒ መስፈርት ቢያንስ 12 ሳምንት ቆይቶ መድገምን ይጠይቃል። ያ 84 ቀን ነው፤ «ከሁለት ወር በኋላ ተመለሺ» አይበቃም።

አንድ ነገር ልጨምር። በእርግዝና ክትትል ቪዲአርኤል ፖዘቲቭ ሆኖ የቂጥኝ ማረጋገጫው ኔጌቲቭ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትለፉት። የቪዲአርኤል ሪኤጀንት ውስጥ ካርዲዮሊፒን አለ። ፅንስ ጨንግፎባት ወይም ደም ረግቶባት እንደሚያውቅ ጠይቋት።

በሪፖርቱ ላይ ከውጤቱ ጎን ታካሚው የሚወስደውን መድኃኒትና ምርመራው የሚደገምበትን ቀን ጻፉ። ሌላ ሆስፒታል ቢሄድ ሐኪሙ የሚያገኘው ያችኑ ወረቀት ነው።