የወንድሞቻችንንና የእኅቶቻችንን ውጤት እንዴት እናክብር?



ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት መካከል በሰፈራችን የሩጫ ክበብ የሚለማመዱ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ጎሕ ሲቀድ፥ ጅቦቹ ወደ ጫካ ሲመለሱ፥ እነርሱ የጀጎልን ግንብ ይዞራሉ። የዓመቱ ውድድር ሲያልቅ በክበቡ ትንሽ የምስጋና ዝግጅት ይደረጋል፤ ዘንድሮ የዝግጅቱ ኃላፊነት ለእኛ ተሰጥቷል። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነሣ። የሚመሰገነው ማን ነው? ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ብቻ ከሆኑ፥ የቀሩት አጨብጭበው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ከእነዚያም መካከል በሚቀጥለው ዓመት የማይመለሱ አሉ። አንድ ወጣት ከሩጫው ሲቀር ደግሞ ከጓደኞቹም ይርቃል። ስለዚህ ጉዳዩን በትምህርት መልክ ልናቀርበው ወደድን።

፩. ውጤት ምንድር ነው?

ውጤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ደረጃን ነው። ሩጫ ግን ሁለት መለኪያ አለው። አንዱ ከሌላው ሰው ጋር ተወዳድረን የምናገኘው ደረጃ ነው፤ ሁለተኛው ከትናንቱ ከራሳችን ጋር ተወዳድረን የምናገኘው ሰዓት ነው።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። የግንባችን ዙሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፥ አንድ ማራቶን ማለት ከሸዋ በር ተነሥቶ ጀጎልን 12 ጊዜ ያህል መዞር ማለት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ይህን ርቀት ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ስትካፈል ገና ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ምሽት፥ በዚያው ጎዳና ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ከ60 በላይ ከሆኑት ሯጮች መካከል ሰባተኛ መውጣቱን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ሰባተኛ መውጣት ትንሽ ነገር ነውን?

፪. ውጤት የብዙዎች ድካም ነው

አበበን ያሠለጠኑት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ፤ አብረውት የሚለማመዱ ጓደኞችም ነበሩት። ሯጭ ብቻውን የሚሮጥ ቢመስልም ብቻውን አይደርስም። ለዚህ መልካሙ ምሳሌ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የተደረገው የ10,000 ሜትር ውድድር ነው። ምሩጽ ይፍጠር፥ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ከፊት በመውጣትና ፍጥነቱን በመለዋወጥ የፊንላንዶቹን ሯጮች ኃይል አደከሙ። በመጨረሻም ምሩጽ አንደኛ፥ መሐመድ ሦስተኛ፥ ቶሎሳ አራተኛ ሆኑ። አራተኛ ለወጣ ሜዳሊያ የለውም፤ ነገር ግን በዚያ ወርቅ ውስጥ የቶሎሳም ላብ አለበት። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚሉት ይህንኑ ነው።

፫. ክብር እግር ሲደክም አያልቅም

አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ እንደገና አሸነፈ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን ጉዳት ስለነበረበት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ፤ ድሉም የጓደኛው የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እርሱ ግን በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1964 ዓ.ም. በክብር እንግድነት ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ ሲገኝ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። ያ ጭብጨባ የተሰጠው በዚያ ቀን ላልሮጠ ሰው ነው። በእኛም ክበብ ጉልበቱን ታምሞ ከልምምድ የቀረ ወንድም ካለ፥ የዝግጅቱ ጥሪ በመጀመሪያ ለእርሱ ይድረሰው።

፬. ተሸናፊውንም ማክበር

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከድሏ በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ፥ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደስታዋን ለተፎካካሪዋ ማካፈሏ ድሏን አላሳነሰውም፤ ይልቁንም ዓለም እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ያንን ዙር ነው።

፭. እንግዲህ ምን እናድርግ?

በስብሰባችን «ሁሉም ከተመሰገነ ምስጋናው ዋጋ ያጣል» ያሉ ነበሩ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አሳብ አይደለም። ያልሠራውን ሰው ሠራ ማለት ማሞካሸት እንጂ ማክበር አይደለም። ስለዚህ አንደኛ የወጣው አንደኛነቱ ይነገርለት፤ ሽልማቱም አይቀነስበት። ለሌላው ግን በእውነት ያደረገው ነገር ተለይቶ ይጠራለት። የተስማማንበት እንደሚከተለው ነው።

ሀ) የእያንዳንዱ ሯጭ ያለፈው ዓመት ሰዓትና የዘንድሮው ሰዓት ጎን ለጎን ይነበባል፤ አንድ ደቂቃም ያሻሻለ ይጨበጨብለታል።

ለ) አሸናፊዎቹ ራሳቸው ተነሥተው አብረዋቸው የተለማመዱትን በስም ያመሰግናሉ።

ሐ) ውሃ ያቀበሉ፥ ልብስ የጠበቁ፥ ሰዓት የያዙ አይረሱም። በሌሊት ተነሥተው ልጆቻቸውን የሚቀሰቅሱ እናቶችም ይጋበዛሉ።

መ) ለድግስ የሚወጣው ገንዘብ ይቀነስና ጫማ ለሌላቸው ጀማሪዎች ጫማ ይገዛበታል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ሩጫን ያነሣነው ምሳሌነቱ ስለጎላ ነው። በፈተና፥ በሥራ፥ በቤት ውስጥም ሰዎች በየቀኑ ይሮጣሉ፤ ማንም ቆሞ ሳያያቸው የሚደርሱም ብዙ ናቸው። እነርሱን ማየት የእኛ ፋንታ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ሳይመሰገን የቀረ ብርቱ ሰው ማን ነው? ምን አደረገ?

2. በማሞካሸትና በማክበር መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?

3. ጓደኛችሁ ሲያሸንፋችሁ በእውነት ደስ እንዲላችሁ የሚረዳችሁ ምንድር ነው?