አሮጌ አይሱዙ ከመግዛት በፊት

ጥያቄ፦ ከ25 ዓመት በላይ የሠራ አይሱዙ ኤን ፒ አር ልገዛ ነው። ሞተሩ ደህና ነው። ሻንሲውንና የፊት እግሩን እንዴት ላስፈትሽ?

መልስ፦ ብዙ ገዢ ሞተር አስነስቶ፣ ጭሱን አይቶ ይወስናል። ሞተር ግን ወርዶ ይታደሳል፤ የተሰነጠቀ ሻንሲ ከነጭነቱ መንገድ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ፍተሻው ከሥር ይጀምር፤ መኪናው ታጥቦ፣ በቀን ብርሃን።

ሻንሲው ሁለት ረጃጅም ብረቶችና የሚያያይዟቸው አግዳሚዎች ናቸው። ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከቡሎን ቀዳዳ ጠርዝ፣ ከባሌስትራ መያዣዎች ዙሪያና ከጋቢናው ጀርባ ነው። ከቀለሙ ሥር ቀጭን የዝገት መስመር ከታየ እዚያው በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ አዲስ ቀለም ወይም የተበየደ ልጣፍ ብረት ያጠራጥራል፤ ባለቤቱ ምክንያቱን ይጠየቅ። ብረት በብረት ላይ በተደረበበት ቦታ መሃል የገባ ዝገት ደግሞ ብረቱን ያሳብጠዋል፤ በመዶሻ ሲነካ ድምፁ የታፈነ ይሆናል።

ቀጥሎ የፊት እግር። የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸው፤ የፊት አክስሉ በክሪክ ተነሥቶ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ይግባለት። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተላወሰ ረዳት ፍሬን ይርገጥ፦ መላወሱ ከጠፋ ችግሩ የኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ አልቋል። ጎማው በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ ቴስቲናዎቹ ይታዩ። የተሰበረ የባሌስትራ ንጣፍም በዓይን ይለያል።

ኪንግ ፒንና ቴስቲና ይቀየራሉ፤ ወጪያቸው ከዋጋው ይቀነስ። ሻንሲው የመሪው ሳጥን በታሰረበት ቦታ ከተሰነጠቀ ግን ጠያቂው ሌላ መኪና ይፈልጉ።